ገና ያልተወለዱት ድርሻ



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ዛሬ ስለ አንድ የስልክ ጥሪ ልንገራችሁ።

ማክሰኞ ማታ ከዒሻ ሶላት በኋላ የአጎቴ ልጅ ደወለልኝ። ሐረማያ ሐይቅ አጠገብ ነው የሚኖረው፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። «ሐይቁ እንደተመለሰ ታውቃለህ። እኔም ሞተር ልገዛ ነው። ግማሹን ብር አግኝቻለሁ፤ ግማሹን አንተ ታበድረኛለህ ብዬ ነው» አለኝ። ሞተር የሚለው የውሃ መሳቢያ ፓምፑን ነው። ከዚያ እየሳቀ፣ «በየጁሙዓው ስለ ሐላልና ሐራም ትጽፍ የለ? ይሄ መቼም ሐላል ነው» ብሎ ጨመረ።

እሺም እምቢም አላልኩትም። «እስከ ጁሙዓ ታገሰኝ» አልኩት። ይህ ጽሑፍ መልሴ ነው፤ እሱም ያነበዋል። ሙፍቲ እንዳልሆንኩ ታውቃላችሁ። ፈትዋ የሚፈልግ ወደ ዑለማእ ይሂድ። እኔ የማካፍላችሁ ሦስት ቀን ሲያሳስበኝ የቆየውን ነው።

ሐረማያን ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር ስትጓዙ፣ ሐረር ለመግባት ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀራችሁ ታገኙታላችሁ። ለብዙ ዓመታት የሐረር ከተማ የሚጠጣው ከዚያ ሐይቅ ነበር። በዙሪያው ያለው ገበሬ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጎመን እና ጫት ያለማበታል። (ስለ ጫት ያለውን የዑለማእ ክርክር ዛሬ አላነሳም፤ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው፤ አስተያየት መስጫውም ለሌላ ነገር ይቅርልን።)

እኔ ልጅ ሳለሁ ግን ሐይቅ የሚባል ነገር አላየሁም። ሐይቁ ላይ ኳስ ነው የተጫወትኩት። ቀልዴን አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐረማያ ደርቆ አለቀ። ለክረምት እረፍት አጎቴ ዘንድ ስንሄድ ድንጋይ አቁመን ግብ የምንሠራበት ሜዳ፣ ትልልቆቹ በጀልባ ይሄዱበት እንደነበር ሲነግሩን አናምናቸውም ነበር። ከብቶች ይግጡበት ነበር። ሐረር ስንመለስ ደግሞ ቧንቧው ደረቅ ነው። ቢጫ ጀሪካን ተሸክመን እንሰለፋለን፤ ውሃ በብር ይገዛል። በዚያ ጊዜ ሰፈራችን መስጂድ ውስጥ አንድ አባት ተነስተው፣ ቤታቸው ያለው ውሃ ለልጆቻቸው መጠጥ ብቻ የሚበቃ መሆኑን ተናግረው ተየሙም ይፈቀድላቸው እንደሆነ ሲጠይቁ አስታውሳለሁ። ኡስታዙ እንደሚፈቀድላቸው ነገሯቸው። እኔ በልጅነቴ ተየሙም የበረሃ ተጓዥ ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። ሐይቅ አጠገቡ በነበረ ከተማ ውስጥ ሰው በአፈር ጦሃራ ያደርጋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሐይቁን ማን አደረቀው? አጥኚዎች የሚሉት አንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። ከተራቆቱት ኮረብታዎች በየክረምቱ ደለል እየወረደ ሆዱን ሞላው። ከተማው ጠጣ። ፀሐይም የራሷን ወሰደች። ከሁሉም ጋር ደግሞ በዙሪያው የተተከሉት ፓምፖች ቀን ከሌት ሳቡ።

ከነዚያ ፓምፖች አንዱ የአጎቴ ነበር።

ይህን ስጽፍ እጄ ከበድ ይለኛል፤ ምክንያቱም እኔም የተማርኩት ከዚያ ፓምፕ በተገኘ ብር ነው። አጎቴ ሌባ አልነበሩም። ሶላታቸውን የሚሰግዱ፣ ዘካቸውን የሚያወጡ፣ እንግዳ ሳይበላ የማይበሉ ሰው ናቸው። ስለዚያ ጊዜ ሲያወሩ የሚሉትን ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ «ውሃው በየዓመቱ ይሸሻል። እኛ ደግሞ ቱቦ እንቀጥላለን። እኔ ብተወው ጎረቤቴ ይስበዋል፤ ታዲያ ምን ላድርግ?» ሐይቁ ሲያልቅ ደግሞ ሐይቁ በነበረበት መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፈሩ። ያም ሲጠልቅባቸው ሌላ ቆፈሩ።

«እኔ ብተወው ጎረቤቴ ይስበዋል።» ይህን አባባል ያዙልኝ። ያንን ሁሉ ውሃ ያደረቀው ክፋት ሳይሆን ይህ ሒሳብ ነው። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ጓዳ ሲያሰላው ትክክል ይመስላል። አንድ ላይ ሲደመር ሐይቅ ያደርቃል።

አሁን ወደ ሌላ ዘመን እንሂድ። ሙስሊሞች ዒራቅን ከፈቱ በኋላ፣ ከሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ፊት አንድ ከባድ ጥያቄ ቀረበ። በወንዞች የሚለማ፣ ለም የሆነ ሰፊ መሬት ተገኝቷል። ዘማቾቹ እንዲከፋፈላቸው ጠየቁ። ጥያቄያቸው መሠረት ነበረው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኸይበርን አከፋፍለው ነበርና። ከጠያቂዎቹ መካከል እንደ ቢላል ያሉ ታላላቅ ሰሐቦች ነበሩ። የቀደሙት ሰዎች፣ የደከሙት፣ የታገሉት እነሱ ናቸው። ማን ነው ለእነሱ አይገባም የሚል?

ዑመር ግን ሌላ ነገር አሳሰባቸው። ይህ መሬት ዛሬ ከነውሃው ከነገበሬው ተከፋፍሎ ካለቀ፣ ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ምን ይቀራል? አማከሩ፤ ተከራከሩ፤ ክርክሩም ቀላል አልነበረም። በመጨረሻ የተደገፉት በሱረቱል ሐሽር አንቀጾች ነበር። እነዚያ አንቀጾች በጋራ ሀብት ላይ ድርሻ ያላቸውን ሲዘረዝሩ ሙሃጂሮችንና አንሷሮችን ጠቅሰው አያቆሙም፤ ከእነሱ በኋላ የሚመጡትንም ያነሳሉ። ዑመርም መሬቱን አላከፋፈሉም። ለነባር አራሾቹ ትተው ግብር ጣሉበት፤ ገቢውም ለትውልድ ሁሉ እንዲሆን አደረጉ።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ እስቲ ይህን ደግማችሁ አስቡት። በዚያ ስብሰባ ላይ ገና ያልተወለዱ ሰዎች ድርሻ ነበራቸው። ድምፅ የላቸውም፤ ሰይፍ አልያዙም፤ ማንም አያውቃቸውም። ነገር ግን የአላህ ኪታብ ስለ እነሱ ተናግሯል፤ መሪውም ሰምቷል። በዜና ላይ «ዘላቂ ልማት» የሚለውን ቃል ስንሰማ ብዙዎቻችን ጣቢያ እንቀይራለን። የስብሰባ ቃል፣ የሪፖርት ቃል ይመስለናል። የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እ.ኤ.አ. አሥራ ሰባት ግቦች ብሎ አውጥቶታል፤ የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ስለዚሁ ያወራል። ትርጉሙ ግን ዑመር በዒራቅ መሬት ላይ ያዩት ነው፤ የዛሬው ሰው ይብላ፣ የነገውን ሳይበላ።

ወደ ሐረማያ እንመለስ። ለአላህ ምስጋና ይሁንና በ2010ዎቹ መግቢያ ላይ ውሃው መመለስ ጀመረ። ወፎቹም ተመለሱ። ይህ የአላህ ራሕመት ነው፤ ዝናቡን ያወረደው እሱ ነው። ግን ሰበብም ነበረው። በዙሪያው ባሉት ኮረብታዎች ላይ ለዓመታት እርከን ተሠርቷል፤ ዛፍ ተተክሏል፤ ከብት እንዳይገባባቸው የተከለሉ ቦታዎች አሉ። የግብርና ባለሙያዎች፣ የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎችና የወረዳና የቀበሌ ሰዎች አሉበት። ከሁሉም በላይ ግን ያ ሥራ የገበሬው ጉልበት ነው። የተፋሰስ ሥራ የሚባለውን የገጠር ልጆች ታውቁታላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ በጥርና በየካቲት፣ ማሳው ባዶ ሲሆን፣ ሕዝቡ ያለ ክፍያ አካፋና ዶማ ይዞ ይወጣል። አንዱ ድንጋይ ይለቅማል፣ ሌላው ይክባል። እርከኑ የክረምቱን ጎርፍ ያዘገየዋል፤ የዘገየ ውሃ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ የሰረገው በበጋ ምንጭ ሆኖ ይወጣል፤ አፈሩም እዚያው ማሳው ላይ ይቀራል።

እዚያ ተራራ ላይ ድንጋይ የሚክበው ሰው የሚጠቅመው ራሱን ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ እወቁ። ድሬ ዳዋ ያላችሁ የ1998ቱን ክረምት አትረሱትም። ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ወሰደ። ያ ጎርፍ የተነሳው ከከተማዋ በላይ ካለው፣ ዛፉ ካለቀው ደጋ ነው። ላይ ያለው ሰው የሠራው እርከን፣ ታች ላለው፣ ፈጽሞ ለማያውቀው ሕፃን ሕይወት ነው። ሰደቃ ተቀባዩ ሰጪውን ሳያውቅ ሲሆን ምን ያህል እንደሚወደድ ለእናንተ አልነግራችሁም።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ የምትሉትን ከወዲሁ እሰማዋለሁ። «ይሄ የመንግሥት ሥራ ነው። ፖለቲካ ነው። ካሜራ ሲመጣ ይተከላል፣ ካሜራው ሲሄድ ይደርቃል።»

በእውነቱ ይህ ቅሬታ ከባዶ አልመጣም። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ሲጀመር፣ ሐምሌ 22 በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አሳወቀ። የመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ዕቅድም 20 ቢሊዮን ነበር። ቁጥሩ ትልቅ ነው። እኔ ግን የራሴን ልናገር። በአንዱ ክረምት ከመስጂዳችን ወጣቶች ጋር ሄደን አርባ ችግኝ ተከልን። ፎቶ ተነሳን፤ ፎቶውን ለጠፍነው፤ «ሰደቀቱን ጃሪያ» ብለንም ጻፍንበት። ከዚያ ማናችንም አልተመለስንም። ጥር ላይ በዚያ ሳልፍ ቆም ብዬ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ነበሩ። ያንን ፎቶ እስከ ዛሬ አላጠፋሁትም፤ ባየሁት ቁጥር አፍራለሁ። ሰደቀቱን ጃሪያ ማለት የሚፈስ፣ የማይቋረጥ ሰደቃ ማለት አይደል? እኛ በመስከረም ነው ያቋረጥነው። ይህን መንግሥት አላደረገብንም። ቂያማ ሊቆም እንኳ ቢሆን በእጁ ችግኝ ያለ ሰው እንዲተክላት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳዘዙ እንጠቅሳለን። ለእኛ ግን ቂያማ አልቆመብንም ነበር፤ ትምህርት ቤት ተከፍቶብን ነው።

«ፖለቲካ ነው» ለምትሉት ደግሞ ሒልፈል ፉዱልን አስታውሱ። ነቢያችን ገና ነቢይ ሳይሆኑ፣ የመካ ሰዎች የተበደለን ለመርዳት ቃል በተጋቡበት ስብሰባ ላይ ተገኝተው ነበር። ሰዎቹ ሙስሊሞች አልነበሩም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን በኋላም፣ በኢስላም ዘመን፣ እንዲህ ላለ ቃል ኪዳን ቢጠሩ እንደሚቀበሉ ተናግረዋል። ተጠሪው ጉዳይ መልካም ከሆነ ጠሪው ማን ነው የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው። አንድን ባለሥልጣን እንድታሞግሱ አልጠየቅኳችሁም። እርከን የፓርቲ አባል አይደለም። ውሃም የክልል ወሰን አያውቅም፤ ሐረማያ ያለው በኦሮሚያ ምሥራቅ ሐረርጌ ነው፣ የተጠማው ሐረር ነው፤ ጥማቱ ግን አንድ ነበር።

ደግሞም መተባበር ማለት ዝም ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፤ ለእኔ የዚህ ሁሉ ነገር ልብ ያለው እዚህ ነው።

በመዲና አካባቢ ሒማ የሚባል ነበር፤ ማንም እንደፈለገ የማያግጥበት፣ ለጋራ ጥቅም የተከለለ ግጦሽ ነው። በዛሬው አነጋገር ክልክል ቦታ። ዑመር (ረ.ዐ.) ሁነይ የሚባል ሰው የሒማ ጠባቂ አድርገው ሲሾሙ የሰጡት ምክር በሶሒሕ አል ቡኻሪ ተመዝግቧል። ለሰዎች እንዲራራ፣ የተበደለን ዱዓ እንዲፈራ ነገሩት። ቀጥለው ያሉት ነገር ነው የሚገርመኝ። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድሃ እንዲያስገባ አዘዙት። የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑሥማን ኢብኑ ዐፋንን ከብት ግን እንዲከለክል። እነማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ፤ ጀነት የተበሰሩ፣ የከሊፋው የቅርብ ወዳጆች። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር። የሀብታሞቹ ከብት ቢያልቅ የሚመለሱበት እርሻና የተምር ዛፍ አላቸው። የድሃው ቢያልቅ ግን ልጆቹን ይዞ እያለቀሰ ወደ ከሊፋው ይመጣል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ወርቅና ብር ማውጣት ሊኖር ነው። ሣርና ውሃ ዛሬ መስጠት ይቀላል።

የአካባቢ ጥበቃ ሕግ እንዲህ ሲሆን ነው ዒባዳ የሚሸተው። ክልከላ አለ፤ ግን ክልከላው የሚጠነክረው በማን ላይ እንደሆነ ታስቦበታል። የአንዲት ባልቴት ሦስት ፍየሎች ከክልክል ቦታ ተይዘው ሲቀጡ፣ የአንድ ባለሀብት ትልቅ ፓምፕ ግን ሳይነካ ሲያድር ካያችሁ፣ ያ ሒማ አይደለም። ያን ጊዜ ተናገሩ። በአክብሮት፣ ስብሰባው ላይ፣ ፊት ለፊት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይናገራል። ይህን መብት ስንቶቻችን ተጠቅመንበታል? የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ አባቶቻችን ይሄዳሉ፤ እኛ ስልካችን ላይ ሆነን የመንግሥትን ድክመት እንጽፋለን። ማን ተከለከለ፣ ማን ተፈቀደለት፣ የተተከለውን ማን ያጠጣል፣ ጠባቂው ደመወዝ አለው ወይ ብሎ የሚጠይቅ አንድ ወጣት ያለበት ስብሰባ፣ ከሌለበት ስብሰባ የተለየ ነው። አይቻለሁ።

አሁን ወደ አጎቴ ልጅ ጥያቄ ልምጣ።

ወንድሜ፣ መስኖ ሐራም ነው አልልህም። እንዴት እላለሁ? አላህ ውሃን የፈጠረው እንድንጠቀምበት ነው፤ ለፍቶ የሚበላ እጅ የተወደደ ነው፤ ሥራ የለኝም ብለህ ቁጭ ብትል ነበር የምቆጣህ። ግን የዚያ ሐይቅ ውሃ ያንተም የእኔም የግል ሀብት አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች በውሃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪ መሆናቸውን አስተምረውናል። የሀገሪቱም የውሃ አዋጅ፣ አዋጅ ቁጥር 197/1992፣ ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑንና ከሌላ አገልግሎት በፊት ለቤት ውስጥ ፍጆታ ቅድሚያ እንደሚሰጥ ይናገራል። ቅድሚያው ለሚጠጣ ሰው ነው ማለት ነው። ሰፈራችን መስጂድ ውስጥ የቆሙትን አባት አስብልኝ።

የመርከቧን ሐዲሥ ታውቀዋለህ። ሰዎች መርከብ ላይ ዕጣ ተጣጣሉ፤ ከፊሎቹ ላይ፣ ከፊሎቹ ታች ሆኑ። ታች ያሉት ውሃ ለመቅዳት በላይኞቹ በኩል ማለፍ ነበረባቸው። ሰዎቹን ከምናስቸግር በራሳችን ድርሻ ላይ ቀዳዳ ብንከፍት ብለው አሰቡ። ልብ በል፣ ሐሳባቸው ክፉ አልነበረም፤ እንዲያውም ሌላውን ላለማስቸገር ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያስተማሩት ግን ላይኞቹ ዝም ካሏቸው ሁሉም እንደሚሰጥሙ፣ እጃቸውን ከያዟቸው ግን ሁሉም እንደሚድኑ ነው። እኔ ይህን ሐዲሥ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለ ኃጢአት ሲነገር ሰምቼዋለሁ። ከማክሰኞ ወዲህ ግን ቀዳዳው የፓምፕ ቱቦ መስሎ ነው የሚታየኝ። በሐዲሡ ውስጥ ያለው ሰውም «በራሴ ድርሻ ላይ ነው» ነው የሚለው። አባትህ «እኔ ብተወው ጎረቤቴ ይስበዋል» ይሉ ነበር። ሁለቱም አንድ ቃል ነው።

ታዲያ ጎረቤቱ የእውነት ቢስበውስ? ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አንተ ብቻህን ብትተው ሐይቁ አይድንም፤ አንተም ትራባለህ። ስለዚህ መልሱ ብቻውን የሚተው ጻድቅ መሆን አይደለም። መልሱ እጅ መያዝ ነው፤ ማለትም ሁሉም የሚገዛበት ልክ ማውጣት። ስንት ፓምፕ፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ ከዳሩ ስንት ሜትር ርቆ፣ በበጋ ውሃው ከዚህ ምልክት ሲወርድ ማን ቀድሞ ያቆማል። ለዚህ መንገድ አለ። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበርን የሚመለከት አዋጅ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በአካባቢህ ማኅበር ካለ ግባበት፤ ስም ብቻ ከሆነ ነፍስ ዝራበት፤ ከሌለ ወረዳ ሄደህ ጠይቅ፣ ሽማግሌዎችን አነጋግር። ሐረርጌ ውስጥ ሽማግሌ የተቀመጠበት ነገር ከወረቀት በላይ እንደሚከበር አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። በመዲና ሁለት ሰሐቦች በመስኖ ውሃ ሲከራከሩ የዳኙት ነቢዩ ራሳቸው ነበሩ። የውሃ ተራ ማውጣት ትንሽ ሥራ ቢሆን ኖሮ እሳቸው ጋ አይደርስም ነበር።

ልክ ከወጣ በኋላ ደግሞ ፈተናው ሌላ ነው። ሌሊት ነው፤ የወረዳው ሰው ተኝቷል፤ ዛሬ ተራህ አይደለም፤ ጫቱ ደግሞ ሊጠወልግ ነው። ሞተሩን ታስነሳለህ ወይስ አታስነሳም? የትኛውም ምክር ቤት ያንን ሌሊት ሊጠብቅ አይችልም። ያኔ አንተና ጌታህ ብቻ ናችሁ። ረመዷን ውስጥ ቤት ብቻህን ሆነህ ውሃ የማትጠጣው ማንን ፈርተህ ነው?

እኔ ከተማ ተቀምጬ ለገበሬ መምከሬ እንዳይቀለኝ፣ ባለፈው ረቡዕ ራሴን ለካሁ። ቧንቧውን እንደወትሮዬ ከፍቼ ውዱእ ሳደርግ ከሥሩ ባልዲ አስቀመጥኩ። ስጨርስ ባልዲው ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በሶሒሕ ሐዲሥ ተረጋግጧል፤ ሙድ ማለት የሁለት እጅ እፍኝ ነው፤ አንድ ሊትር አይሞላም። (በሚፈስ ወንዝ ዳር ቢሆንም አታባክን የሚለው ሐዲሥ በሰነዱ ላይ ንግግር አለበት፤ የሙዱ ግን ያለ ጥርጥር ነው።) ያን ባልዲ ይዤ ቆምኩና ለስንት ዓመት፣ በቀን አምስት ጊዜ፣ ወደ አላህ ለመቅረብ ብዬ ስንት ባልዲ እንዳፈሰስኩ ለማስላት ሞከርኩ። ተውኩት። የመስጂድ ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ ወጣቶች፣ ቧንቧዎቹን ፈትሹልን፤ የውዱእ ውሃችን ወደ ቦይ ከሚሄድ የግቢውን ዛፍ እንዲያጠጣ ማድረግ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። እኛም ለነዚያ አሥራ አንዱ ችግኞች በየሳምንቱ ተራ አውጥተናል። ዘንድሮ አዲስ አንተክልም፤ የሞቱትን ብቻ እንተካለን። ፎቶ የለም።

ያ አላህ፣ ሐይቆቻችንንና ምንጮቻችንን ጠብቅልን። የምሕረት ዝናብ አውርድልን፤ የጎርፍና የጥፋት አታድርግብን። አባቶቻችን ባለማወቅ ያጠፉትን ማርላቸው፤ እኛን አውቀን ከማጥፋት ጠብቀን። በጋራ ሀብታችን ላይ የተሾሙትን ፍትሕ ስጣቸው፤ ለድሃው የሚራሩ አድርጋቸው። አሚን።

የአጎቴ ልጅ፣ ይህን ስታነብ ደውልልኝ። መጀመሪያ ሐይቁ ዳር ያሉት ጎረቤቶችህ ስንት ሞተር እንዳላቸው ቁጠርና ንገረኝ። ከዚያ ስለ ብሩ እናወራለን።